የዶክ ቀኝ እጅ

ክፍሉን መጀመሪያ ሳየው አንድ ግዙፍ ሰው ወለሉ ላይ የፈሰሰ ደም በመወልወያ እየጠረገ ነበር። የማን ደም እንደሆነ አልጠየቅኩም። በአገሬ እስር ቤት የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር አዲስ ገቢ እንደማይጠይቅ ነው። ጠባቂው ካቴናዬን ፈታ፤ ፍራሽና ብርድ ልብስ አሸክሞኝ በሩን ከኋላዬ ዘጋው።

«ሀበሻ ነህ አይደል?» አለኝ ሰውየው ቀና ሳይል።

«አዎ።»

«እንዳትረግጠው፣ ገና አልደረቀም። አንተ የምትተኛበት አልጋ ላይ የነበረው ሰውዬ ደም ነው። አፍንጫው ነው እንጂ ሌላ ነገር አልሆነም።» መወልወያውን ባልዲው ውስጥ ነከረ። «ቲቪ ቀየረብኝ፣ ሶ...» ትከሻውን ሰበቀ። «ኦኬ፣ ግባ። ቤትህ ነው።»

ጥገኝነት የጠየቅኩት ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ፓስፖርት የሚታይበት መስኮት ላይ ነው። በአገሬ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ሰልፍ ወጣህ ተብዬ ታስሬ ነበር። ውስጥ እግሬን ገርፈውኛል። ይህን ሁሉ መስኮቱ ላይ ለተቀመጠችው ሴት ነገርኳት። በጨዋነት አዳመጠችኝ፣ በጨዋነትም ለሚያስሩኝ ሰዎች አሳልፋ ሰጠችኝ። እግር ብረቱ ቁርጭምጭሚቴን ሲነካው ጮህኩ። ማንም አልመታኝም። ሰውነቴ ነው ቀድሞኝ የጮኸው።

በክፍሉ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ነበር። በታችኛው አልጋ ላይ አንድ ቀጭን ሽማግሌ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። እኔ ስገባ ዓይናቸውን አልገለጡም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ህንዳዊ ናቸው። እስረኛውም ጠባቂውም ዶክ ይላቸዋል። በእንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖርም እኔ በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ጻፍኳቸው።

ከሰዓት በኋላ፣ ሾፌሩ ሲተኛ፣ ዶክ ስለ ሕይወታቸው ያጫውቱኝ ነበር። ሾፌሩ የምለው ያንን ግዙፍ ሰው ነው። በዲቪ የመጣ ነው፤ ዳላስ አጠገብ ዩለስ በምትባል ከተማ ይኖር ነበር፤ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የፓርኪንግ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። አንድ ሰው ደብድቦ ታሰረ፣ ከዚያም ወደ አገሩ ይመለስ ተባለ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ አልኩት። አንቱ ልለው ስል ግን «አታስረጀኝ» ብሎ ከለከለኝ።

ዶክ አዩርቬዳ የሚባለው የአገራቸው ጥንታዊ ህክምና ሐኪም ናቸው። አባታቸውም አያታቸውም ሐኪም ነበሩ። የህክምናው መጻሕፍት የተጻፉት በሳንስክሪት ነው፤ ዛሬ ገበያ ውስጥ የማይነገር፣ እኛ ግዕዝን እንደምናስበው ያለ ቋንቋ። በልጅነታቸው ትርጉሙ ሳይገባቸው በቃላቸው አጠኑት። ካደጉ በኋላ ጠዋት በሽተኛ ያዩ፣ ከሰዓት ሳንስክሪት ያስተምሩ ነበር። ባለቤታቸው ሲሞቱ ልጃቸው ዳላስ አቅራቢያ፣ ማኪኒ ከተማ ወዳለው ቤቷ አመጣቻቸው። ጓሮውን በመድኃኒት ቅጠል ሞሉት። ጎረቤት መጣ፤ የጎረቤት ጎረቤት መጣ። የቪዛቸው ጊዜ አልፎ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች በር አንኳኩ። ዶክ በሽተኞች መስለዋቸው ከፈቱ።

መጽሐፎቻቸው ማኪኒ ቀሩ። ስለዚህ በየማለዳው፣ ቁርስ ሳይመጣ፣ ያጠኑትን በቃላቸው ይደግማሉ።

«አንድ ቀን ከዘለልኩ አይጥ ከዳር መብላት ይጀምረዋል» አሉኝ።

አባታቸው አንድ ጊዜ የመድኃኒት ዘይት እያፈሉ ሳለ ከዶክ እናት ጋር ተጣሉ። በቁጣ የተማሰለ ለሰው አይሰጥም ብለው የስንት ጊዜ ድካማቸውን ጓሮ ደፉት።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ እናቴ ስለ ዘይቱ የበለጠ ተቆጣች። የዚያን ዕለት እራት የበላ የለም።»

ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይነቃነቃል። ነገሩ ግን ለእሳቸው ቀልድ አልነበረም። ምግብም ሆነ መድኃኒት የሰጪውን ልብ ይዞ ነው የሚገባው፤ ከተቆጣ ሰው እጅ አይወሰድም። ይህ ሕጋቸው ነው።

«የዚህ ቤት ምግብስ?»

«የሚያበስሉት አያውቁኝም» አሉ። «በምን ይቆጡኛል?»

ስጋ አይበሉም። ትሪያቸው ላይ የሚመጣውን ስጋ ሾፌሩ ይወስዳል። ረቡዕና ዓርብ ሾፌሩ ስለሚጾም የሁለቱም ለእኔ ይደርሰኛል። በዚያ ቤት በጣም የጠገብኩት በጾም ቀን ነው።

አንድ ቀን የቀኝ እጃቸውን ሦስት ጣት አንጓዬ ላይ አሳረፉ። ደሜ ከጣታቸው ስር ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

«የልብ ምት ሁሉ አንድ አይደለም» አሉ። «ፍርሃት ሲኖር እንደ እባብ ይሳባል። ቁጣ ሲኖር እንደ እንቁራሪት ይዘላል። ሰላም ሲኖር ውሃ ላይ እንዳለች ዳክዬ ይንሳፈፋል።»

«የእኔስ?»

«እባብ። ረጅም እባብ።»

አላፈርኩም። ልክ ነበሩ።

ነገሩ የተበላሸው ሾፌሩን ጨጓራው ያመመው ቀን ነው። ግድግዳው ስር ተኮራምቶ ሲያቃስት ዶክ ሳይጠሩ ሄደው አንጓውን ያዙ። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ አነበነቡ።

«እንቁራሪት» አሉት። «ሆድህን የሚበላህ ምግብ አይደለም፣ ልጄ።»

ሾፌሩ እጁን መነጨቀ። በማግስቱ ዳኛዋ በቪዲዮ ቀርባ ዋስትና ከለከለችው።

«አየህ?» አለኝ ሲመለስ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እጄን ያዘ፣ የሆነ ነገር ደገመብኝ፣ በነጋታው ቦንዴን ዲናይ አደረጉት።»

«ጋሼ፣ እሳቸው እኮ ሐኪም ናቸው።»

«የምን ሐኪም! ቅጠል ያውቃል። ማንም የማይሰማው ቋንቋ ያውቃል። ሳይነጋ ተነስቶ ያነበንባል። ማለቴ፣ እኛ አገር ይሄ ምን ይባላል? ተናገራ፣ ተማሪ!»

ምን እንደሚባል አውቃለሁ። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ደብተራ እጄን ይዞ ቢያነበንብ እናቴ ያኔውኑ ጠበል ትወስደኝ ነበር።

«ስጋቸውን ስትበላ ግን ምንም አልሆንክም» አልኩት።

«ስጋ ድግምት አይዝም» አለ ኮስተር ብሎ። «ንገረው። ከነገ ጀምሮ ያቁም። ካላቆመ እኔ አስቆመዋለሁ።»

ለዶክ ነገርኳቸው። እኛ አገር ሰው እንዲህ ያለውን እንደሚፈራ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ለጥቂት ቀን በልባቸው ብቻ እንዲሉት ለመንኳቸው።

«ድምፅ የሌለው አይቆይም» አሉ። «ይህን ካቆምኩ እዚህ አልጋ ላይ የሚቀረው ቪዛው ያለፈበት ሽማግሌ ብቻ ነው።»

በማግስቱ ማለዳ ድምፃቸው ቀሰቀሰኝ። ቀጥሎ የሾፌሩ እግር ወለሉን ሲመታ ሰማሁ።

«ስቶፕ!» አለ።

ዶክ ድምፃቸውን ሳያቋርጡ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ምዕራፉን ልጨርስ ማለታቸው ነበር። ሾፌሩ ግን ያየው ወደ እሱ የተነሳ እጅ ነው። አንገታቸውን ይዞ ከአልጋው ጎትቶ ጣላቸው። ጭንቅላታቸው ከመጸዳጃው ብረት ጋር ተጋጨ። አፋቸውን በቡጢ መታ። ድምፁ የሚወጣው ከዚያ ስለሆነ መሰለኝ። ከንፈራቸው አሁንም ይንቀሳቀስ ነበር፤ እንደገና መታቸው።

ከላይኛው አልጋ ዘልዬ ጀርባው ላይ ተንጠለጠልኩ። ክርኑ አፌ ላይ አረፈ። የፊት ጥርሴ ተሰብሮ ምላሴ ላይ ወደቀ። እኔ እስክነሳ የዶክን ቀኝ እጅ ወለሉ ላይ ዘርግቶ በተረከዙ ረገጠው። አንድ ጊዜ አልበቃውም።

«በዚህ ነው የያዝከኝ! በዚህ ነው!» እያለ በአማርኛ ይጮህ ነበር።

ጣት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ትንሽ ነው። ደረቅ ጭራሮ ይመስላል። ዶክ ያን ጊዜ ጮኹ። በሳንስክሪት ይሁን በእናታቸው ቋንቋ አላወቅኩም።

ጠባቂዎቹ መጀመሪያ በበሩ ቀዳዳ የሚያቃጥል ጋዝ ረጩብን፤ ከዚያ ጋሻ ይዘው ገቡ። ማን እንደመታና ማን እንደተመታ የጠየቀ የለም። ጉልበት ጀርባዬ ላይ አረፈ፣ ጉንጬ ደሙ ላይ ተጣበቀ። ዓይኔ በጋዙ እየነደደ ሾፌሩን አየሁት። በደረቱ ተኝቷል፤ እጁ ወደ ኋላ ታስሯል። «አትንቀሳቀስ» እያሉ በዱላ ይመቱታል። በተመታ ቁጥር ይንቀሳቀሳል፤ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይመቱታል። የጎድን አጥንቱን ነበር የሚፈልጉት። እንዲህ ያለ ዱላ አውቃለሁ፤ በእኔ ላይ ወርዷል። የዚያን ቀን ግን «ጨምሩለት» አልኩ በልቤ።

ሾፌሩን ጎትተው ወደ ጨለማ ቤት ወሰዱት። ስሙን እኛ ነን ያወጣንለት፤ መብራቱ ቀንም ሌሊትም የማይጠፋበት ባዶ ክፍል ነው። ዶክ ከክሊኒክ ሲመለሱ ቀኝ እጃቸው ከጣቶቻቸው ጫፍ እስከ አንጓቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር።

ምሳ መጣ። ባቄላ፣ ዳቦ፣ ፖም። ዶክ ትሪውን በግራ እጃቸው ጀርባ ወደ እኔ ገፉት። አፋቸው አብጦ ስለነበር ማኘክ አቅቷቸው ነው ብዬ አሰብኩ። እራትም እንደዚያው ሆነ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ግን ገባኝ። ውሃውን በግራ እጃቸው ይዘው ይጠጣሉ፤ ዳቦውን በግራ እጃቸው አይነኩም።

«በግራ ስለማይበላ ነው?» አልኳቸው።

«እናንተም እንደዚያው ናችሁ» አሉ። «አይቻችኋለሁ።»

«ማንኪያስ?»

«ማንኪያውን የሚይዘው ማን ነው?»

እጄን ታጥቤ ዳቦውን ባቄላው ውስጥ ነክሬ አቀረብኩላቸው። አገሬ ቢሆን ይህ ቀላል ነገር ነው። ዶክ አፋቸውን አልከፈቱም። የግራ እጃቸውን ጣቶች አንጓዬ ላይ አደረጉ።

«እንቁራሪት» አሉ።

«እኔ አልተቆጣሁም!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ።

«ይኸው» አሉ ቀስ ብለው።

ትሪውን ይዞ የሚመጣው ጠባቂ ክፉ ሰው አልነበረም። ያልተነካውን ምግብ እያየ ራሱን ነቀነቀ።

«ዶክ፣ ይሄ የረሃብ አድማ ነው የሚባለው። ነገ ከምሳ በኋላ ለብቻህ ያስቀምጡሃል። እምቢ ካልክ በአፍንጫህ ቱቦ ያስገባሉ። እንዳታደርገው።»

በሰባራ እንግሊዝኛዬ ላስረዳው ሞከርኩ። አድማ አይደለም፣ ቀኝ እጃቸው ስለተሰበረ ነው፣ ግራ እጅ ለምግብ አይሆንም አልኩት።

«ግራ እጅ ምን አለው?» አለ ከልቡ ተገርሞ። «እኔ ግራኝ ነኝ።»

በሚቀጥለው ማለዳ ዶክ እንደ ልማዳቸው ጀመሩ። ድምፃቸው ከአልጋቸው አያልፍም ነበር። መሃል ላይ ቆሙ። ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና ሞከሩ፤ እዚያው ቦታ ሲደርሱ እንደገና ቆሙ። ቀጣዩ ቃል አልመጣላቸውም። ያበጠ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ጊዜ ፈራሁ። አይጡ የጀመረው ከዳር ሳይሆን ከመሃል ነው።

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ቁጣዬን ለማስወጣት ሞከርኩ። በረጅሙ ተነፈስኩ። እናቴን አሰብኩ። ለሾፌሩም ለመጸለይ ሞከርኩ፤ ጸሎቱ ግን መሃል ላይ እርግማን ይሆንብኛል። ቁርሱን ይዤ ሄድኩና አንጓዬን ሰጠኋቸው።

«ትንሽ አልቀነሰም?»

«እንቁራሪቶቹ አሁን ሁለት ሆነዋል» አሉ። በተሰነጠቀ ከንፈራቸው ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

ምሳ እንደገባ በሩ ተከፈተና ሾፌሩን አስገቡት። ሌላ ቦታ የለም፤ ሽማግሌውም ትንሽ ቆይቶ ይወጣል አለ ጠባቂው። ሾፌሩ አንድ ዓይኑ ተዘግቷል። ጎኑን በእጁ ደግፎ ነበር የሚራመደው። ተነስቼ በእሱና በዶክ መካከል ቆምኩ።

«ተቀመጥ» አለኝ። «አልነካውም።»

አልተቀመጥኩም። እሱ ትሪውን አየ።

«ለምንድን ነው የማይበላው?»

የተጠቀለለውን ቀኝ እጅ አየ። ከዚያ ጉልበታቸው ላይ ያረፈውን ግራ እጃቸውን አየ። እንደገና ትሪውን አየ። ማንም ሳይነግረው ገባው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ።»

«አንተስ? አንተ አታጎርሰውም?»

«ከእኔ እጅ አይወስዱም። ከተቆጣ ሰው አይቀበሉም። አሁን ሊወስዷቸው ነው። በአፍንጫቸው ቱቦ ሊከቱባቸው ነው።»

ሾፌሩ ወደ መታጠቢያው ሄደ። ውሃው የሚፈሰው ቁልፉን ሲጫኑት ብቻ ነው፤ ወዲያው ይቆማል። ይጫናል፣ ይታጠባል፣ ይጫናል። እስከ ክርኑ ታጠበ። በጥፍሮቹ ስር የደረቀው ደም የእሱ ይሁን የእኛ አላውቅም፤ እስኪለቅ ድረስ ፈተገው። ተመልሶ ዶክ ፊት ሲንበረከክ ጎኑን አሞት አቃሰተ። ዳቦውን ቆርሶ ባቄላውን ጠቀለለና እጁን ዘረጋ።

ዶክ ጉርሻውን አላዩትም። ግራ እጃቸውን አንስተው ሦስት ጣታቸውን የሾፌሩ አንጓ ላይ አደረጉ። ሾፌሩ ደነገጠ፤ እጁን ግን አልመነጨቀም። እኔ እንቁራሪት እንዲሉ እፈልግ ነበር። እውነቱን ለመጻፍ ከሆነ፣ በጣም ነበር የፈለግኩት።

«ምን አለ?» አለኝ ሾፌሩ በሹክሹክታ።

«ምንም አላሉም።»

«ጠይቃቸው። እባክህ ጠይቃቸው።» ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አላቸው።

መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«እባብ» አሉ ዶክ። «እንቁራሪቷ ሄዳለች።» ከዚያም አፋቸውን ከፈቱ።

ዳቦው ከንፈራቸውን ሲነካ ቁስሉ ተከፈተና ትንሽ ደም ነካው። ከነደሙ በሉት። ሾፌሩ ሁለተኛ ጠቀለለ፣ ሦስተኛም አስከተለ፣ እኛ ዘንድ እንደሚደረገው። ግራኙ ጠባቂ ካቴና ይዞ ሲመጣ በበሩ መስኮት ተመለከተን።

«እየበላ ነው እንዴ?» አለ።

«እየበሉ ነው» አልኩት።

ካቴናውን ይዞ ተመለሰ።

በማግስቱ ማለዳ ዶክ ጀመሩ። ሾፌሩ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። በመጀመሪያ ግን በስመ አብ ብሎ አማተበ። «ለማንኛውም ነው» አለኝ። ዶክ እዚያች ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ሁለታችንም ጠበቅን። ከዚያ ቃሉ መጣላቸው፤ አለፉ። ሾፌሩ ምንም ሳይገባው ራሱን ነቀነቀ።

ሾፌሩን አንድ ጠዋት ጠሩት፣ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ የማጉረሱ ተራ የእኔ ሆነ። ዶክ አንጓዬን ይዘው ቆዩና አፋቸውን ከፈቱ። ምን እንዳገኙ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ፋሻው ሳይፈታ እሳቸውንም ወሰዷቸው። ወደ አገራቸው ይሁን ወደ ማኪኒ አላውቅም።

እኔን ዳኛው ለቀቀኝ። አሁን እዚያው ዳላስ አቅራቢያ፣ ቤድፎርድ ከተማ ከጓደኞቼ ጋር ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። እንደገና አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። የጤና አስተማሪያችን የልብ ምት የሚቆጠር ነገር ነው ትላለች፤ እኔም በፈተና ላይ ቆጥሬ ነው የምጽፈው። ከሰዓት በኋላ ለአውሮፕላን ተሳፋሪዎች ምግብ የሚዘጋጅበት ኩሽና ውስጥ እሠራለሁ። ዳቦ፣ ሰላጣ፣ ፍራፍሬ ትሪ ላይ እደረድራለሁ። የሚበሉት ሰዎች አያውቁኝም፣ አላውቃቸውም።

ጓንት ከማድረጌ በፊት ሦስት ጣቴን አንጓዬ ላይ አሳርፋለሁ። ዶክ የሚሰሙትን ያህል እንደማልሰማ አውቃለሁ። አንዳንድ ቀን ግን እንቁራሪቷን ለይቼ አውቃታለሁ። ያን ቀን እጄን እንደገና እታጠባለሁ፤ ውሃው ሲቆም ቁልፉን እጫናለሁ፣ ሲቆም እጫናለሁ፣ አለቃዬ ስሜን እስክትጠራ።